ሕመምተኛን ወደ ቤቱ ስለ ማሰናበት

ሰው በሰው ላይ ከሚሰጣቸው ፍርዶች ሁሉ በጣም ከሚያስፈሩት አንዱ፥ በጭንቀት ተይዞ ወደ ሐኪም ቤት የመጣውን ሰው መርምሮ «ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብህምና ወደ ቤትህ ተመለስ» ብሎ ማሰናበት ነው። ዳኛ የሞት ፍርድ በሚፈርድበት ጊዜ ምስክር ሰምቶ፥ ሕግ ጠቅሶ፥ ቀጠሮ ሰጥቶ፥ ይግባኝ የሚሰማ ሌላ ዳኛም ከበላዩ እንዳለ አውቆ ይፈርዳል፤ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል ተረኛ የሆነው ሐኪም ግን በሌሊት፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፥ ገና ብዙ ሰው በወንበርና በወለል ላይ ተቀምጦ እየጠበቀው፥ ሰውየው ነገ በሕይወት ይነቃ አይነቃ እንደ ሆነ በሚወስን ነገር ላይ ቃሉን ይሰጣል። ስለዚህ ጥያቄው የሕክምና ብቻ ሳይሆን የኅሊናም የሃይማኖትም ጥያቄ ነው። ፍጹም ዕውቀት የእግዚአብሔር ገንዘብ ብቻ መሆኑን የሚያምን ሰው፥ ባልተፈጸመ ዕውቀቱ ተመርኩዞ ወንድሙን «በሰላም ግባ» ይለው ዘንድ ምን ያህል ማወቅ ይገባዋል? ሳይታወቅ የቀረው ጥቂት ነገርስ በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል?

በማርቆስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ ይህን ጥያቄ በልቡናዬ ይዤ ባነበብሁት ቁጥር ቀድሞ ያላስተዋልሁት ነገር ይታየኛል። የምኵራብ አለቃ የነበረው ኢያኢሮስ፥ የ12 ዓመት ልጁ ለሞት ስለ ቀረበች፥ ከጌታ እግር ሥር ወድቆ ይለምናል፤ ጌታም ልመናውን ተቀብሎ አብሮት ይሄዳል። በመንገድ ግን 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረች፥ ያላትንም ገንዘብ ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ የጨረሰች ሴት በሕዝቡ መካከል ሾልካ ልብሱን ትዳስሳለች። በዘመናችን ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሕሙማንን የምትለየው ነርስ ሁለቱን ተቀብላ ቢሆን ኖሮ፥ ለብላቴናይቱ ቀይ፥ ለሴቲቱ አረንጓዴ ምልክት ሰጥታ፥ «እናቴ፥ የእርስዎ 12 ዓመት የቆየ ሕመም ነውና ጥቂት ይታገሡ» ባለቻት ነበር፤ ይህን በማለቷም አጠፋች የሚላት ባልኖረ ነበር። ጌታ ግን ቆመ። የዳሰሰው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ሴቲቱም እየፈራችና እየተንቀጠቀጠች እውነቱን ሁሉ ተናግራ እስክትጨርስ ሰማት፤ ከእርሷም ጋራ ገና ሲነጋገር ከኢያኢሮስ ቤት መልእክተኞች ደርሰው ልጅቱ እንደ ሞተች ተናገሩ።

ስለ ሴቲቱ እምነት ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ ብላቴናይቱ መነሣትም እንዲሁ። እኔ ግን ዘወትር የማስበው በሁለቱ መካከል ቆሞ ይጠብቅ የነበረውን አባት ነው። ልጁ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች፥ ነገ ሊታይ ይችል በነበረ ሕመም ምክንያት መንገዱ ሲቆም፥ ያ ሰው በልቡ ምን ይል ነበር? ሙታንን የሚያስነሣው ጌታ ለሁለቱም የሚበቃ ጊዜ ነበረው፤ መዘግየቱ ልጅቱን አላሳጣትም። የሐኪም ጊዜ ግን ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው የሚቀነስ ስለ ሆነ፥ እርሱ ለሴቲቱ የቆመ እንደ ሆነ የኢያኢሮስ ልጅ ትሞታለች፥ አትነሣምም። ስለዚህ ሐኪም በዚህ ታሪክ ጌታን በኃይሉ ሊመስለው አይችልም፤ ሊመስለው የሚችለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አደጋ የሌለበት መስሎ የታየው ሰው እውነቱን ሁሉ ሳይናገርና ሳይሰማ እንዳይሰናበት በማድረግ ነው።

ሕሙማንን በማዕረጋቸው ሳይሆን በሕመማቸው ክብደት ለይቶ ማከምን በጦር ሜዳ ካስለመዱት መካከል የናፖሊዮን ሠራዊት ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ይጠቀሳል፤ እርሱ መኰንንም ይሁን ተራ ወታደር ቁስሉ የከፋው አስቀድሞ እንዲታከም ያደርግ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር በቀለም ምልክት የሚደረገው ልየታ የዚያ አሳብ ዝርያ ነው። የከበደውን ማስቀደም ርቱዕ መሆኑን የሚክድ ስለሌለ በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም። የሚከብደው ሌላው ወገን ነው፤ በወረፋው መጨረሻ የተቀመጠው ሰው ጨርሶ ሊሰናበት ይገባዋልን? የሚገባው መሆኑስ በምን ይታወቃል?

ነገሩን በቅርብ ለማየት የደረት ሕመምን እንውሰድ። ደረቱን ወግቶት ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሚመጣው ሕዝብ የሚበዛው የጨጓራ፥ የጡንቻ፥ የሳንባ ወይም የጭንቀት ሕመም ያለበት ሲሆን፥ ጥቂቱ ግን የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት የሚችል ነው፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ «እዚህ ጋ ያፍነኛል» እያለ አንዱን ስፍራ በመዳፉ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሆላንዳውያን ሐኪሞች፥ ሲክስ፥ ባኩስና ኬልደር፥ እነዚህን ለመለየት በአምስት ነገር ላይ የቆመ ቀላል መመዘኛ አወጡ፤ እነዚህም ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ የሚተርከው ታሪክ፥ በኢ.ሲ.ጂ. ወረቀት ላይ የሚነበበው የልቡ አመታት፥ ዕድሜው፥ እንደ ደም ግፊት፥ ስኳር በሽታና ትምባሆ ያሉት አጋላጭ ነገሮች፥ በመጨረሻም የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰው ትሮፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ3 ያልበለጠው ሰው አደጋው ዝቅተኛ ነው ይባላል። መመዘኛው በዚያው አገር በ10 ሐኪም ቤቶች በ2,440 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጊዜ፥ ከሕሙማኑ ሢሶ የሚበልጡት በዝቅተኛው ወገን ተገኙ፤ ከእነርሱም መካከል በስድስት ሳምንት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት ወይም ሞት የደረሰባቸው ወይም የተዘጋ የደም ሥር ማስከፈት ያስፈለጋቸው ከመቶ 1.7 ሲሆኑ፥ ነጥባቸው 7ና ከዚያ በላይ ከነበሩት ግን ከመቶ ሃምሳው ያህል ይህ ደረሰባቸው።

ይህ የሚያስደንቅ ሥራ ነው፤ እጅግ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ከመታሰር አድኖታል። ነገር ግን ከመቶ 1.7 የሚሆን ሰው በዓለም ላይ የለም። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ወይ ሙሉ በሙሉ ልቡ ደኅና ነው፥ ወይ ሙሉ በሙሉ በሞት ጥላ ሥር ነው፤ ቍጥሩ የሚናገረው ስለ ጉባኤው ነው፥ ስም ያለውና በስሙ የተጠመቀው ግን አንዱ ነው። መልካሙ እረኛ ከመቶው በጎች አንዲቱ በጠፋችበት ጊዜ ዘጠና ዘጠኙን በምድረ በዳ ትቶ ሊፈልጋት ሄደ፤ የጠፋችዪቱ ማን እንደ ሆነች ግን ያውቅ ነበር። ሐኪም ከመቶው አንዱ ወይም ሁለቱ እንደሚጠፉ እያወቀ የትኞቹ እንደ ሆኑ ሳያውቅ ነው የሚቆመው። ይህ ከስንፍና ወይም ከትምህርት ማነስ የመጣ አይደለም፤ ፍጡር አእምሮ የተሰጠው ልክ ይህ ስለ ሆነ ነው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ስለ አምላክ በሚናገሩበት ጊዜ፥ ባሕርዩ ስለማይደረስበት፥ የማይታይ፥ የማይመረመር፥ የማይለወጥ እያሉ ያልሆነውን በማራቅ እንደሚያስተምሩ፥ ሐኪምም በሰው ሥጋ ፊት በትሕትና ከቆመ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሕመሙ ምን እንዳልሆነ ነው።

«እንግዲያስ ጥርጣሬ የቀረበትን ሁሉ አስተኝቶ መመርመር አይሻልምን?» የሚል ይኖራል፤ ይህም ከርኅራኄ የመነጨ ስለ ሆነ በቀላሉ የሚጣል አሳብ አይደለም። ይሁን እንጂ ምርመራ ራሱ ዋጋ የሚያስከፍል ነገር ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጄፍሪ ክላይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በሳንባ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም አለበት ተብሎ ለሚጠረጠር ሰው ባወጡት የስምንት ጥያቄ መመዘኛ ይህን ነገር በድፍረት አሰሉት። ሕመሙ የመኖሩ ግምት ከመቶ ሁለት ገደማ በታች ከሆነ፥ በዚያ ሰው ላይ ምርመራውን መቀጠል ከሚያድነው ይልቅ የሚጎዳው ይበልጣል፤ ጨረር አለ፥ ኵላሊትን ሊጎዳ የሚችል በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አለ፥ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ምርመራው በስሕተት «አለ» ብሎ ጤነኛው ሰው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንዲወስድና በዚያው ሰበብ ደም እንዲፈሰው ማድረጉ ነው። እንግዲህ አደጋን ከነሥሩ ለመንቀል የሚደረግ ጥረት ራሱ አደጋ የሚሆንበት ወሰን አለ። በዚያ ላይ አልጋው አለ። አደጋ የሌለበት ሰው ለጥንቃቄ ተብሎ በተኛበት አልጋ ምክንያት በቃሬዛ ላይ በኮሪደር የሚያድረው ሰው ስሙ በዚህ ሰው ካርድ ላይ አልተጻፈም፤ ኢያኢሮስ ግን በዚያ ኮሪደር ቆሟል። ስለዚህ ማሰናበት ከርኅራኄ መጉደል አይደለም፤ ለማይታየው ሰው የሚደረግ ርኅራኄ ነው።

በአንድ ሌሊት በድንገተኛ ክፍል አስታማሚ ሆኜ በተቀመጥሁበት ጊዜ ያየሁትን እዚህ ላይ ልናገር። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ብዙም ያልዘለለ እናት ከመጋረጃው ወዲህ ተኝተዋል፤ የኢ.ሲ.ጂ.ው ገመዶች ተነቅለው የማጣበቂያው ቅባት በደረታቸው ላይ ስለ ቀረ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል፤ ልጃቸው የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ደረሰኞችን አጣጥፎ በእጁ ይዟል። ወጣቱ ሐኪም መጥቶ የደሙም የልቡም ምርመራ ደኅና መሆኑን ነገራቸው፤ ወደ ቤታቸው መሄድ እንደሚችሉም ጨመረ። ሴትዮዋ ደስ አላላቸውም። «ታዲያ ልጄ፥ ሌሊቱን ሁሉ እንዲህ ሲያፍነኝ ያደረው ምንድን ነው?» አሉት። ሐኪሙ ለመሄድ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ ተመልሶ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «እናቴ፥ ምን እንደ ሆነ ገና አላወቅሁም። ልብዎ እንዳልሆነ ግን በብዙ አምናለሁ። በብዙ እንጂ በፍጹም አልልዎትም። ውጋቱ ወደ ክንድዎ ወይም ወደ መንጋጋዎ ከወጣ፥ ወይ ላብ ካጠመቀዎት፥ ሲራመዱም ካፈነዎት፥ ሌሊትም ቢሆን ይምጡ፤ ‹ምንም የለብሽም ተብዬ ነበር› ብለው እንዳይቀሩ» አላቸው። ከዚያ ለልጁ ደግሞ አንድ በአንድ ደገመለት፥ ልጁም ቃሉን መልሶ እንዲነግረው አደረገው። ነገሩ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። እኔ ግን በዚያ ሰዓት የተረዳሁት ነገር አለ፤ ሐኪሙ ያልታወቀውን ቅሪት በሴትዮዋ ላይ ሳያስታውቃቸው ጭኖ አልሰደዳቸውም፤ ገልጦ አሳያቸው፥ ከፊሉንም በራሱ ላይ አስቀረ።

የኔ አሳብ በዚህ ላይ ይቆማል። ሰውን በጥቂት አደጋ ማሰናበት የተፈቀደ ነው፤ እንዲያውም ግዴታ ነው፤ ጥቂቱን አደጋ እንደሌለ አድርጎ ማሰናበት ግን ሐሰት ነው። ብዙ ሐኪም ይህን ሐሰት የሚናገረው ከክፋት ሳይሆን ከደግነት ነው፤ ሕመምተኛው ተረጋግቶ እንዲተኛ ሲል «ምንም የለብህም» ይለዋል። ነገር ግን ይህ ቃል የሰውየውን አፍ ይዘጋል። ነገ ሌሊት ውጋቱ ሲመለስበት፥ የተማረ ሰው ምንም የለብህም ብሎት ሳለ እንደገና መሄዱን እንደ ነውር ይቈጥረዋል፤ ባለቤቱም «ትናንት ታይተህ የለም ወይ» ትለዋለች። እንዲህ ሆኖ ከመቶው የቀረው አንዱ ሰው በጨዋነቱ ይሞታል።

ጥርጣሬው ተገልጦ መነገር የሚገባው ሌላም ምክንያት አለ። በአሜሪካ በ10 ሐኪም ቤቶች ከ10,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ሥራ እንዳሳየው፥ ድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት ደርሶባቸው ከመጡት መካከል በስሕተት ወደ ቤታቸው የተሰናበቱት ከመቶ ሁለት ያህል ነበሩ። ቍጥሩ ትንሽ ነው። የልብ ሕመም ይዟቸው ሳለ በስሕተት ለመመለስ ይበልጥ የሚጋለጡት እነማን እንደ ሆኑ ሲመረመር ግን ዕድሜያቸው ከ55 በታች የሆኑ ሴቶችና ነጮች ያልሆኑ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ቅሪቱ አደጋ በእኩልነት እንደ ዝናብ በሁሉ ላይ አልወረደም፤ ቃላቸው በቀላሉ በማይሰማ ሰዎች ላይ ተከማቸ። በዚህ ረገድ እንደ ሆላንዳውያኑ ያለው መመዘኛ ለፍትሕ የሚረዳ ነው፤ ትሮፖኒን የሰው ፊት አይቶ አያዳላምና። ነገር ግን ከአምስቱ የመጀመሪያው ነጥብ የሕመምተኛው ታሪክ ነው፤ እርሱን የሚመዝነው የሐኪሙ ጆሮ ነው። በዋሺንግተን በልጇ አስተርጓሚነት ሕመሟን የምትናገር ኢትዮጵያዊት እናት፥ ልጇ አፍሮ ወይም ቸኩሎ ግማሹን የተወባት እንደ ሆነ፥ አንድ ነጥብ ወይም ሁለት ነጥብ በዚያው ይጠፋል፤ ድምሩም ከ4 ወደ 3 ወርዶ በሩ ይከፈትላታል። ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት እውነቱን ሁሉ እስክትናገር መሰማቷ ከፈውሷ የተለየ ጌጥ አለመሆኑን በዚህ እናስተውላለን።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፥ የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊስትነት ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2010 ከተጀመረ ወዲህ፥ በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ተነሥተዋል፤ በሌላ አገር የተፈተኑትን መመዘኛዎችም ያውቃሉ፥ ይሠሩባቸዋልም። እኔ የምለምነው ቍጥሩ የተወለደበት አገር እንዳይረሳ ነው። በሆላንድ ከሐኪም ቤት የተሰናበተ ሰው የሚያውቀው የቤተ ሰብ ሐኪም በሠፈሩ አለው፤ ሕመሙ ቢመለስበት ስልክ ያነሣል፥ አምቡላንስም ይደርስለታል። ከመቶ 1.7 የተባለው ልክ ይህ ሁሉ ባለበት የተለካ ነው። በግ ሸጦ፥ ከተራራው በእግሩ ወርዶ፥ ከዚያም በአውቶቡስ ተሳፍሮ የመጣው ገበሬ «ከባሰብህ ተመለስ» ሲባል፥ የተነገረው ቃል አንድ ሆኖ ሳለ የተሰጠው ነገር ፈጽሞ ሌላ ነው። ልቡ ከሆላንዳዊው ልብ አልከፋም፤ መንገዱ ግን ከፍቷል፤ ስለዚህ አደጋው በሥጋው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሥጋውና በሐኪም ቤቱ በር መካከል ባለው ርቀት ላይም ይኖራል። «ዛሬ ማታ የት ታድራለህ? ከማን ጋራ? ስልክ ያለው ሰው በአጠገብህ አለ? ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብስ ቀርቶሃል?» ብሎ መጠየቅ የደግነት ትርፍ ሳይሆን የምርመራው ክፍል ነው፤ መልሱም እንደ ትሮፖኒኑ ሁሉ በካርዱ ላይ ሊጻፍ ይገባዋል። ዘመድ የሌለውን መንገደኛ አንድ ሌሊት ማሳደር፥ በመመዘኛው ፊት አላስፈላጊ መስሎ ቢታይም፥ በርትዕ ፊት አስፈላጊ ነው፤ የአልጋ ጥበት ይህን በከለከለ ጊዜም በሐኪም ቤቱ አጠገብ የሚያድርበት ማረፊያ መፈለግ የሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የማኅበረ ሰቡም፥ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶችም ዕዳ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዳንድ ጊዜ የተሰናበተው ሰው ይሞታል። ሁሉን ነገር በሥርዐቱ ያደረገ፥ የጠየቀ፥ የሰማ፥ የነገረ ሐኪም ያሰናበተው ሰው በሦስተኛው ቀን መሞቱን ሲሰማ ምን ይሁን? አንዳንዱ ሕዝብ ገዳይ ይለዋል፤ የሙያ ጓደኞቹ ደግሞ ሊያጽናኑት ብለው «መመዘኛውን ጠብቀሃልና በአንተ የሚደርስ ነገር የለም» ይሉታል። ሁለቱም ቃል አይበቃም። በኦሪት ሕግ ሰው ሳያውቅ፥ ጠላትነትም ሳይኖረው፥ እንጨት ሊቈርጥ በዱር ሳለ የምሳሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት እንደ ሆነ፥ ደም ተበቃዩ እንዳያገኘው ወደ መማፀኛ ከተማ እንዲሸሽ ታዟል፤ ለዚህም ስድስት ከተሞች ተለይተው ነበር። ሕጉ ያንን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ለይቶ አዳነው፤ ነገር ግን ምንም እንዳልሆነ አድርጎ በዚያው ቀን ወደ እርሻው አልመለሰውም፤ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በዚያች ከተማ እንዲቀመጥ አዘዘው፤ ፈሶ የቀረው ደም ደም ነበርና። ለሐኪሞቻችንም እንዲህ ያለ መማፀኛ ያስፈልጋቸዋል፤ ይኸውም በቅንነት የፈረደውን ከቸልተኛው ለይቶ የሚጠብቅ ሕግና፥ የሆነውን ሳይሸሽጉ ተሰብስበው የሚመረምሩበት ሸንጎ ነው። ሐኪሙም ከዚያ መማፀኛ ወጥቶ ወደ ሟቹ ቤት መሄድ ይገባዋል፤ ከለቀስተኛው ጋራ በድንኳኑ ተቀምጦ፥ ቤተ ሰቡ ሲጠይቁት፥ በዚያች ሌሊት ምን እንዳየ፥ ምን እንዳላየ፥ ለምን እንዳሰናበተው በሚገባቸው ቋንቋ ይንገራቸው፤ እነርሱም ይቈጡት ዘንድ መብት አላቸው፥ እርሱም ቍጣቸውን ሰምቶ ይቀመጥ።